የኦ ክፍሉ ቁምሳጥን

የመንግሥት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ገብቶ ከአንደኛ ክፍል በፊት ያለውን የኦ ክፍል የሚፈልግ ሰው አቅጣጫ መጠየቅ አያሻውም፤ ድምፁ ይመራዋል። ሃምሳ ስልሳ ሕፃን በአንድ አፍ ፊደል ሲቆጥር ከግቢው በር ይሰማል። ክፍሉ ውስጥ ከላይኛዎቹ ክፍሎች የተረፈ ዴስክ አለ፤ መምህሯ ከካርቶን የቆረጠቻቸው ቁጥሮች፣ ከቆርኪ የተሠራ መቁጠሪያ፣ ግድግዳው ላይ በቀለም የተሣሉ አንበሳና ቀጭኔ አሉ። የተረት መጽሐፍ ግን አይታይም። ለምን ብሎ የጠየቀ ሰው «የለንም» ከሚለው ይልቅ «አለ፣ ቁምሳጥን ውስጥ ነው» የሚል መልስ ቢሰማ አይደነቅ። ቁልፉ ርዕሰ መምህሩ ጋ ነው፤ ወይም ንብረት ክፍል ነው፤ ወይም ያለፈው ዓመት መምህርት ስትዛወር ያስረከበችው ገና አልተቆጠረም።

አቅም በሌላቸው ትምህርት ቤቶች ስላሉ ሕፃናት የንባብ መጽሐፍ ሲነሣ ወሬው ቶሎ ወደ ቁጥር ይሄዳል፦ ስንት መጽሐፍ ተሰበሰበ፣ ስንት ኮንቴይነር ገባ፣ ስንት ትምህርት ቤት ተዳረሰ። ቁጥሩ አይናቅም። ይሁንና ባለፉት ሃያ ዓመታት የተሠራውን ሰብስቦ ለተመለከተ ሰው የመጽሐፍ እጥረት የሚባለው ነገር ግማሹ የምርጫ፣ ሌላው ግማሹ የቁልፍ ጉዳይ ነው። የቁልፉ ጉዳይ ከሁሉም ያነሰ ገንዘብ ይጠይቃል፤ የሚነገርለትም ከሁሉም ያነሰ ነው።

የኦ ክፍል ታሪክ አጭር ነው። የ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ መዋዕለ ሕፃናትን ቢያነሣም ሥራው በተግባር ለግል ባለሀብቶች፣ ለእምነት ተቋማትና ለበጎ አድራጎት ድርጅቶች የተተወ ነበር። ነርሰሪ፣ ኤል ኬጂ፣ ዩ ኬጂ እየተባለ የሚወጣው ደረጃ የከተሜ፣ ከከተሜም የከፋይ መሰላል ሆኖ ኖረ። የድሃ ልጅ ከቀናው ቄስ ትምህርት ቤት ወይም ቁርኣን ቤት ይገባል፤ ካልሆነም ሰባት ዓመት ሲሞላው በቀጥታ አንደኛ ክፍል ይቀመጣል። በ2002 ዓ.ም. አካባቢ ዕድሜያቸው ለመዋዕለ ሕፃናት ከደረሰ ልጆች የተመዘገቡት ከመቶ ዐሥር አይሞሉም ነበር። በዚያው ሰሞን የትምህርት፣ የጤናና የሴቶች ጉዳይ ሚኒስቴሮች አንድ ላይ ሆነው የቀዳማይ ልጅነት ክብካቤና ትምህርት የፖሊሲ ማዕቀፍ አወጡ። ከዚያ ወዲህ በየመንግሥት ትምህርት ቤቱ የአንድ ዓመት የኦ ክፍል ይከፈት ጀመር፤ በአምስት ዓመት ገደማ ውስጥም የተመዝጋቢዎቹ ምጣኔ ከሲሶ አለፈ። በ2015 ዓ.ም. የጸደቀው አዲሱ ፖሊሲ ደግሞ ከአንደኛ ክፍል በፊት ያለውን ጊዜ ሁለት ዓመት አደረገው።

ይህን ያህል በር በዚህ ፍጥነት መክፈት ትልቅ ሥራ ነው። ነገር ግን በሩ የተከፈተው በነበረው ግቢና በነበረው በጀት ነው፤ በብዙ ቦታም ለሕፃናት ባልሠለጠነ ሰው። ለኦ ክፍል ሥርዓተ ትምህርትና የመምህር መምሪያ ሲዘጋጅ ለልጁ የሚነበብለት መጽሐፍ የማንም ድርሻ ሳይሆን ቀረ። የመማሪያ መጽሐፍ የሚታተመው በትምህርት ዓይነትና በክፍል ነው፤ ተረት ደግሞ የትምህርት ዓይነት አይደለም።

«ገና ማንበብ ለማይችል ልጅ መጽሐፍ ምን ይሠራለታል?» የሚል ሰው አይጠፋም፤ ጥያቄው የወላጅ ብቻም አይደለም፣ በጀት ከሚመድበው ጠረጴዛ ላይም ይነሣል። የአምስት ዓመት ልጅ ከመጽሐፍ የሚማረው ፊደል መለየትን ብቻ አይደለም። ገጽ ከየት ወደ የት እንደሚገለጥ፣ የሚነበበው ሥዕሉ ሳይሆን ጽሑፉ መሆኑን፣ ታሪክ መጀመሪያና መጨረሻ እንዳለው፣ ትናንት የተነበበው ዛሬም ያው ቃል በቃል እንደሚመጣ ይማራል። በቤቱ ሲነገር ሰምቶት የማያውቀውን ቃል የሚያገኘውም እዚያ ነው። መጽሐፍ ባለበት ቤት ያደገ ልጅ ይህን ሁሉ በእናቱ ወይም በታላቅ እኅቱ ጭን ላይ ሆኖ ስለሚለምደው መማሩን እንኳ አያውቀውም። በብዙ ድሃ ቤት ግን ያለው መጽሐፍ የጸሎት መጽሐፍ ነው፤ እሱም በጨርቅ ተጠቅልሎ ከፍ ካለ ቦታ ይቀመጣል። በ2002 ዓ.ም. በተለያዩ ክልሎችና ቋንቋዎች የተካሄደው የመጀመሪያ ደረጃ የንባብ ምዘና ከሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች መካከል ከመቶ 34ቱ ከቀረበላቸው ምንባብ አንድ ቃል እንኳ ማንበብ እንዳልቻሉ አሳየ። ለዚህ ብዙ ምክንያት አለ፤ ከምክንያቶቹ አንዱ እነዚህ ልጆች አንደኛ ክፍል ሲገቡ መጽሐፍን የሚያውቁት ከሩቅ መሆኑ ነው።

እዚህ ላይ ስለ ቄስ ትምህርት ቤት አንድ ነገር ማለት ይገባል። የኔታ ዘንድ የሄደ ልጅ ፊደል ይቆጥራል፣ አቡጊዳ ይላል፣ መልእክተ ዮሐንስ ያነባል፣ ከዚያ ዳዊት ይደግማል። ይህ ሥርዓት ያለ ምንም የመንግሥት በጀት ለዘመናት አንባቢ አፍርቷል፤ በዛሬው የመዋዕለ ሕፃናት ጥናት ቋንቋ ብንመዝነው እንኳ ከድምፅ ወደ ጽሑፍ የሚሄድበት መንገድ የሚናቅ አይደለም። ከዚያ ጋር ግን የመጽሐፍን ክብር ወርሰናል። መጽሐፍ የሚነካው በታጠበ እጅ፣ የሚደረስበትም ከድካም በኋላ ነው፤ አይታኘክም፣ አይሣልበትም፣ አይሳቅበትም። ለዳዊት ይህ ክብር ይገባዋል። ስለ ዶሮና ስለ ዝንጀሮ ለሚያወራ ዐሥራ ስድስት ገጽ የሕፃን መጽሐፍ ግን መጥፊያው ነው።

መጽሐፉ ከየት ይመጣል? በደርግ ዘመን ኩራዝ አሳታሚ ድርጅት ለልጆች መጻሕፍት ያወጣ ነበር፤ ከሞስኮም በአማርኛ የተተረጎሙ ባለ ሥዕል የልጆች መጻሕፍት በርካሽ ዋጋ ይመጡ ነበር፤ የዚያ ዘመን ልጆች የነበሩ ሰዎች የወረቀቱን ሽታ ሳይቀር ያነሡታል። ከዚያ በኋላ መንግሥት ከዚህ ሥራ ወጣ፤ ገበያውም በቦታው አልተተካም። ተረቱን ለረጅም ዘመን የያዘው ቴሌቪዥን ነበር፤ አባባ ተስፋዬ ሣህሉ ለአራት ዐሥርት ዓመታት የሀገሪቱን ልጆች ተረት ሲነግሩ ኖረዋል። የመጽሐፉን ክፍተት ለመሙላት ከተነሡት መካከል ስማቸው ቀድሞ የሚነሣው ዮሐንስ ገብረጊዮርጊስ ናቸው። በሳን ፍራንሲስኮ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት የልጆች ክፍል ሲሠሩ ለሌላው ሀገር ልጅ በቋንቋው መጽሐፍ ሲገዛ ለኢትዮጵያ ልጆች የሚገዛ አጡ። በማጂ ካደገችው የልጆች መጻሕፍት ደራሲ ከጄን ከርትዝ ጋር ሆነው ዛሬ ኢትዮጵያ ሪድስ የሚባለውን ድርጅት መሠረቱ፤ የማሞ ቂሎን ተረት በአማርኛና በእንግሊዝኛ በባለ ቀለም ሥዕል አሳተሙ፤ እ.ኤ.አ. በ2003 አዲስ አበባ ሾላ አካባቢ የልጆች ቤተ መጻሕፍት ከፈቱ። በሐዋሳ በአህያ የሚጎተተው ተንቀሳቃሽ ቤተ መጻሕፍታቸው ለውጭ ጋዜጠኞች ጥሩ ፎቶ ሆነ፤ ለልጆቹ ግን ቁም ነገሩ መጽሐፉ እነሱ ወዳሉበት መምጣቱ ነበር።

ኮድ ኢትዮጵያ በገጠር የማኅበረሰብ ቤተ መጻሕፍት እያቋቋመ በሀገር ቋንቋ የልጆች መጽሐፍ ያሳትማል። መምህርት የነበረችው ብሩክታዊት ጥጋቡ እ.ኤ.አ. በ2006 በኢቲቪ የጀመረችው «ፀሐይ መማር ትወዳለች» የተሰኘው ዝግጅት የስድስት ዓመቷን ቀጭኔ በሕፃናቱ ልብ ውስጥ አስገባ፤ ገጸ ባሕርይዋም ወደ መጽሐፍ ተሻገረች። ሴቭ ዘ ችልድረን በንባብ ፕሮግራሙ በየመንደሩ የመጻሕፍት ባንክ የሚባለውን አሠራር አስገብቷል። በአሜሪካ መንግሥት ድጋፍ እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ የተካሄደው ሪድ የተሰኘ ፕሮጀክት በሰባት ቋንቋዎች አዲስ የንባብ መማሪያ መጻሕፍት ሲያዘጋጅ ዋና ትኩረቱ ከአንደኛ ክፍል ወዲያ ስለነበር የኦ ክፍል ከደጅ ቀረ።

ከዳያስፖራው ጋር የተያያዘው ሥራ ለየት ያለ ባሕርይ አለው። ሲያትል አካባቢ የተቋቋመው ኦፕን ኸርትስ ቢግ ድሪምስ የተሰኘ ድርጅት «ሬዲ ሴት ጎ ቡክስ» በሚል ስም በአማርኛ፣ በትግርኛ፣ በአፋን ኦሮሞና በሌሎችም ቋንቋዎች ከእንግሊዝኛ ጎን ለጎን አጫጭር መጻሕፍት ያወጣል። አሜሪካ ያለ ወላጅ አማርኛ ለሚያጥረው ልጁ አንድ ይገዛል፤ እግረ መንገዱንም ኢትዮጵያ ላለ ልጅ የሚሆነውን ይደግፋል። ብልህ መንገድ ነው። ነገር ግን ሁለት ቋንቋ በአንድ ገጽ ሲሰፍር ለኦ ክፍል ልጅ ገጹ ይጣበብበታል፤ የማያስፈልገው ጽሑፍ የሚያስፈልገውን ያደበዝዝበታል። እንግሊዝኛው ባይኖር ደግሞ መጽሐፉን የሚከፍልለት አይገኝም ነበር። ይህን ቅራኔ መፍታት የበጎ አድራጊዎቹ ሥራ ብቻ ሊሆን አይገባም።

በኮንቴይነር የሚመጣውን ያገለገለ የእንግሊዝኛ መጽሐፍ በተመለከተ ትሕትና ቢጎድለኝም ልናገር፦ ለሁለተኛ ደረጃና ለዩኒቨርሲቲ ጥሩ ነው፤ ለኦ ክፍል ግን በአብዛኛው መደርደሪያ ማሳመሪያ ነው። መምህሯ ራሷ ጮክ ብላ ለማንበብ የማትደፍረውን መጽሐፍ ለስልሳ ልጅ አንብቢ ማለት ግፍ ነው። መደርደሪያው ስለሞላም «መጽሐፍ አላችሁ» ተብሎ ትምህርት ቤቱ ከሚቀጥለው ዕደላ ይዘለላል።

እንግዲህ የሚሆነው የትኛው ነው? ከመጠኑ እንጀምር። ስልሳ ልጅ ባለበት ክፍል መዳፍ የምታክል መጽሐፍ ከሁለተኛው ረድፍ ወዲያ አትታይም። የኒውዚላንዱ ዶን ሆልዳዌይ በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ለዚሁ ችግር ትልቅ መጽሐፍ የሚባለውን ዘዴ አስፋፋ፤ መምህሩ ከፊት አቁሞ በጠቋሚ ቃሉን እየተከተለ ሲያነብ ልጆቹ ልክ ከእናት ጭን ላይ እንዳለ ልጅ ጽሑፉን አብረው ያያሉ። ለእኛ ክፍል ከዚህ የሚቀድም ነገር አይታየኝም። በግድግዳ ካላንደር መጠን የታተመ፣ ፊደሉ ከመጨረሻው ዴስክ የሚነበብ አንድ መጽሐፍ ከሃምሳ ትንንሽ መጻሕፍት ይልቅ ብዙ ልጅ ይደርሳል። ትንንሾቹ ከዚያ በኋላ ይምጡ፤ ልጁ በትልቁ የሰማውን በራሱ እጅ ይዞ «የሚያነበው» ያኔ ነው። እያነበበ ሳይሆን በቃሉ እያለው መሆኑ አያሳስብ፤ ንባብ የሚጀምረው እንደዚያ ነው።

ጽሑፉ ላይ የራሳችን ችግር አለ። የአማርኛ ፊደል 33ቱ በሰባት ሲባዙ 231 ይሆናሉ፤ ዲቃላዎቹ ሳይቆጠሩ። ልጁ የኦ ክፍል ዓመቱን ሲጨርስ ግማሹን ቢለይ ጎበዝ ነው። ደራሲው ግን ሳያስበው «አልሰጠቻቸውም» ብሎ ይጽፋል፤ በአንድ ቃል ስምንት ፊደል፣ አድራጊውም ተደራጊውም አሉታውም አንድ ላይ ታጭቀው። «አለ» የሚለው አጭር ቃል እንኳ ሲጠብቅና ሲላላ ሁለት ነገር ስለሆነ ጀማሪውን ያደናግራል። ስለዚህ ሁለት ዓይነት መጽሐፍ መለየት ግድ ነው። መምህሯ የምታነበው መጽሐፍ ቋንቋው የበለጸገ፣ ዐረፍተ ነገሩ የረዘመ፣ ቃሉ አዲስ ቢሆን ጥሩ ነው፤ ልጁ ይሰማል እንጂ አያነብም። ልጁ ራሱ የሚይዘው ግን በየገጹ አንድ አጭር ዐረፍተ ነገር፣ እየተመላለሰ የሚመጣ ሐረግ፣ እንደ ላም፣ በግ፣ ቤት ያለ ሁለት ፊደል ቃል ይፈልጋል። ገበያ ላይ ያሉት ብዙዎቹ የአማርኛ የልጆች መጻሕፍት ሁለቱንም አይደሉም፤ ለአዋቂ የተጻፈ ተረት በሥዕል አጅበው ያቀርባሉ።

ሌላው ምክር ነው። የልጆች መጻሕፍታችን ምክር ያበዛሉ። ጥንቸሏ ስለዋሸች ትቀጣለች፣ ሰነፉ ተማሪ ይጸጸታል፣ እጁን ያልታጠበው ይታመማል። ይህን የሚያደርጉት ደራሲዎች ክፉ አስበው አይደለም፤ ወላጅም ገንዘቡን የሚያወጣው ልጁ «ቁም ነገር» እንዲያገኝ ነው። የአምስት ዓመት ልጅ ግን «ድገሚልን!» የሚለው ያሳቀውን፣ ያስፈራውን፣ ቀጥሎ የሚመጣውን ቀድሞ ገምቶ ትክክል የሆነበትን ነው። የአፍ ተረታችን ይህን ያውቅበታል። ዝንጀሮና ቀበሮ ሲሸዋወዱ ብዙ ጊዜ ማንም አይገሠጽም። ወደ ወረቀት ሲሻገር ነው መካሪ የሚሆነው።

ሥዕሉም ከምክሩ ያልተናነሰ ጥንቃቄ ይሻል። የበረዶ ሰው የሚሠራ ባለ ወርቃማ ጸጉር ልጅ ብቻ የሚያይ ሕፃን መጽሐፍ የሌላ ሰው ነገር ነው ብሎ ቢያስብ አይፈረድበትም። ከዚያ ሲሸሹ ወደ ሌላው ጠርዝ የወደቁም አሉ፦ ጎጆ፣ ፍየል፣ እንስራ የተሸከመች ልጅ፣ ደግሞ ጎጆ። የአዲስ አበባ ድሃ ልጅ ኮንዶሚኒየም ደረጃ ላይ ይጫወታል፣ ታክሲ ረዳት ሲጣራ ይሰማል፣ በክረምት ጎርፍ ይዘላል፤ የገጠሩም ልጅ ዓሣ ነባሪንና ጨረቃን የማወቅ መብት አለው። በዚህ ረገድ የአሜሪካዊቷ ተመራማሪ የኔል ዱክ ግኝት የሚታወስ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2000 ባወጣችው ጥናት በአንደኛ ክፍሎች ውስጥ መረጃ ሰጪ ጽሑፍ የሚያገኘው ጊዜ በቀን በአማካይ 3.6 ደቂቃ ብቻ ሆኖ አገኘችው፤ አቅም በሌላቸው ትምህርት ቤቶች ደግሞ ከዚያም ያንስ ነበር። ስለ ጉንዳን፣ ስለ ዝናብ፣ ዳቦ እንዴት እንደሚጋገር የሚነግሩ እውነተኛ ፎቶ ያላቸው የአማርኛ መጻሕፍት ለኦ ክፍል የሉም ማለት ይቻላል። ቃል አልባ መጻሕፍትም እንዲሁ። ታሪኩ በሥዕል ብቻ የሚሄድ መጽሐፍ መምህሯ የፈለገችውን ቋንቋ ተጠቅማ ልታስተርከው ስለምትችል ሦስትና አራት ቋንቋ በሚነገርበት ክፍል ከማንኛውም ትርጉም ይቀድማል።

ቋንቋ ላይ ብዙ መከራከር አያስፈልግም፤ ልጁ የሚያውቀው መሆን አለበት። በኬንያ ቡሲያና ቴሶ ተመራማሪዎቹ ግሌዌ፣ ክሬመርና ሙሊን ያጠኑት የመማሪያ መጽሐፍ ዕደላ የተማሪዎቹን አማካይ ውጤት አላነሣም፤ የጠቀመው ቀድሞውንም ጎበዝ ለነበሩት ነው። መጽሐፎቹ በእንግሊዝኛ የተጻፉ ነበሩ፤ ለብዙዎቹ ልጆች ሦስተኛ ቋንቋቸው።

መጽሐፉ ሆነ ብለን እናስብ፤ ክፍል ገባ። ይሠራል? እ.ኤ.አ. በ1980ና 81 በፊጂ መንደሮች ኤሊ እና ማንጉባይ የተባሉ ተመራማሪዎች ወደ 250 የሚሆኑ ባለ ሥዕል መጻሕፍት ወደ ክፍሎች አስገብተው የልጆቹ የንባብ ዕድገት ከተለመደው በዕጥፍ እንደፈጠነ አሳዩ። ይህ ጥናት በየፕሮጀክት ሰነዱ ይጠቀሳል፤ የሚረሳው ግን ልጆቹ አራተኛና አምስተኛ ክፍል እንደነበሩ፣ ማንበብም እንደጀመሩ ነው። ለሕፃናቱ ይበልጥ የሚቀርበው የተመራማሪዋ የሱዛን ኒውማን ሥራ ነው። በፊላዴልፊያ አካባቢ ከ330 በላይ የሕፃናት ማቆያዎች በአንድ ልጅ አምስት መጽሐፍ ሂሳብ ተሰጣቸው፤ ሠራተኞቹም ዐሥር ሰዓት ሠለጠኑ። ልጆቹም መጽሐፍ ካልደረሳቸው ልጆች ልቀው ታዩ። እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣው የማክጊል ፍራንዘንና የባልደረቦቿ ጥናት ደግሞ በቀጥታ የድሃ ሰፈር መዋዕለ ሕፃናትን ይመለከታል፤ ለእኔ ከሁሉም የሚበልጠው እሱ ነው። አንዱ የመምህራን ቡድን 250 ገደማ መጽሐፍና 30 ሰዓት ሥልጠና አገኘ፤ ሌላው መጽሐፉን ብቻ፤ ሦስተኛው ምንም። ሥልጠና ያገኙት መምህራን ልጆች ቀደሙ። መጽሐፍ ብቻ በተሰጠባቸው ክፍሎች ያሉት ልጆች ግን ምንም ካልተሰጣቸው ብዙም አልተለዩም።

ሠላሳ ሰዓት ብዙ አይደለም፤ የአንድ ሳምንት የክረምት ሥልጠና ነው። በዚያ ጊዜ መምህሯ የምትማረው ረቂቅ ነገር የለውም፦ ከማንበቧ በፊት ሽፋኑን አሳይታ መጠየቅ፣ መሐል ላይ ቆም ብላ «አሁን ምን የሚሆን ይመስላችኋል?» ማለት፣ ያንኑ መጽሐፍ በሳምንት ሦስት አራት ጊዜ መድገም፣ ልጆቹ እንዲተውኑት ማድረግ። «ተረት ተረት» ሲባል «የላም በረት» ብሎ መመለስ የሚያውቅ ክፍል ግማሹን መንገድ ሄዷል።

አሁን ወደ ቁምሳጥኑ። በሴራሊዮን የተካሄደ፣ እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣ የሳባርዋልና የባልደረቦቿ ጥናት መንግሥት ያደለው የመማሪያ መጽሐፍ የተማሪውን ውጤት ለምን እንዳልለወጠ መረመረ። ብዙዎቹ ትምህርት ቤቶች መጽሐፉን ለልጆቹ ከመስጠት ይልቅ አስቀምጠውት ተገኙ። ስንፍና አልነበረም። ቀጣዩ ዕደላ መቼ እንደሚመጣ የማያውቅ ርዕሰ መምህር ያለውን ለክፉ ቀን ያኖራል። የእኛ ርዕሰ መምህርም እንዲሁ ቢያደርግ ምን ይገርማል?

በእኛ ሀገር ደግሞ በዚህ ላይ የንብረት ሥርዓት አለ። መጽሐፉ በሞዴል 19 ገቢ ይሆናል፤ መምህሯ በሞዴል 22 ፈርማ ትረከባለች፤ ከዚያች ሰዓት ጀምሮ በስሟ የተመዘገበ ንብረት ነው። ስትዛወር ክሊራንስ ለማግኘት ቆጥራ ትመልሳለች፤ ከጎደለ ከደመወዟ ሊቆረጥ ይችላል። ደመወዟ ስንት እንደሆነ ለማንም አይሰወርም። እንግዲህ እሷ ዘንድ ሆነን እናስብ፦ ስልሳ ሕፃን፣ እጃቸው ቁርስ የነካ፣ መጽሐፍ ሲገልጡ ገጽ የሚገነጥሉ፣ አንዳንዱም ደስ ስላለው ቦርሳው ውስጥ የሚከት። እዚህ ክፍል ውስጥ መጽሐፍ ይዞ የሚገባ ሰው ጀግና ነው። አስተዋይዋ መምህርት ትቆልፋለች። በዓመቱ መጨረሻ ቆጠራ ሲደረግ የእሷ መጻሕፍት ሙሉ ሆነው፣ አዲስ ሆነው፣ ሳይነኩ ይገኛሉ፤ ኦዲተሩም ያመሰግናታል። ያነበበችባቸው ባልደረባዋ ግን የተቀደደውን ልታስረዳ ትጠራለች።

ያው የንብረት ሥርዓት ቋሚና አላቂ የሚል ልዩነት ያውቃል። ጠመኔ አላቂ ነው፤ ያለቀ ጠመኔ የት ገባ ተብሎ የተጠየቀ መምህር የለም። ወረቀትም፣ እስክሪብቶም እንዲሁ። በሽቦ የተሰፋ፣ ዐሥራ ስድስት ገጽ ያለው የሕፃናት መጽሐፍ በደንብ ከተሠራበት ከሁለትና ከሦስት ዓመት በላይ አይቆይም፤ አገልግሎቱ ከጠመኔው እንጂ ከወንበሩ አይመደብም። አላቂ ተብሎ ቢመዘገብ ቁልፉ በማግሥቱ ትርጉሙን ያጣል።

«መጽሐፍ እንዴት እንደ ጠመኔ ይቆጠራል? ዋጋውስ?» የሚለው ተቃውሞ ክብደት አለው። ወረቀት በአብዛኛው ከውጭ በምንዛሬ ይመጣል፤ ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሬ ለውጥ ወዲህም አሳታሚዎች የሚያማርሩት በምክንያት ነው። ለልጆች ባለ ቀለም መጽሐፍ ሦስት ሺህ ቅጂ የሚያሳትም ግለሰብ ደራሲ የሚሸጥበት ዋጋ ለድሃ ትምህርት ቤት ሰማይ ነው። ዋጋውን የሚያወርደው ዋናው ነገር ግን የኅትመቱ ብዛት ነው። ባለ አራት ቀለም ኅትመት ላይ ሥዕሉ በአራቱም ፕሌት ሲወጣ ጽሑፉ በጥቁሩ ብቻ ይታተማል። ስለዚህ አንድ መጽሐፍ በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞ፣ በሶማሊኛ፣ በሲዳምኛ፣ በሐድይኛ ለማውጣት ሦስቱ የቀለም ፕሌቶች ለሁሉም አንድ ሆነው ጥቁሩን ብቻ መቀየር ይበቃል። የውጭ አሳታሚዎች ለብዙ ሀገር በአንድ ጊዜ የሚያሳትሙት በዚህ መንገድ ነው። ተናጋሪው ጥቂት የሆነ ቋንቋ ብቻውን አምስት መቶ ቅጂ ቢያሳትም ዋጋው አይቀመስም፤ ከሌሎቹ ጋር በአንድ ማሽን ላይ ሲወጣ ግን እኩል ይከፍላል። ይህ እንዲሆን የክልል ትምህርት ቢሮዎች ጥቂት መጻሕፍትን በጋራ መምረጥና በአንድ ወቅት ማዘዝ ይኖርባቸዋል። እስከማውቀው ድረስ የሚከለክላቸው ሕግ የለም፤ የሚከብደው አንድ ጠረጴዛ ዙሪያ መቀመጡ ነው።

መንግሥት በየዓመቱ ለኦ ክፍል የሚሆኑ፣ ለምሳሌ ዐሥር ርእሶችን ብዙ ቅጂ እንደሚገዛ አስቀድሞ ቢያስታውቅ ደራሲም ሠዓሊም አታሚም ይገኛል። አሁን ደራሲው የሚጽፈው ቦሌ ላለው መጽሐፍ መደብር ነው፤ ስለዚህ ሽፋኑ ያብረቀርቃል፣ ዋጋው ይወደዳል፣ ይዘቱም የገዢውን ወላጅ ደስ ለማሰኘት ይመክራል። የአዲስ አበባ ከተማ በመንግሥት ትምህርት ቤቶች ምገባን ከራሱ በጀት ሲጀምርም «አይቻልም» ያለ ብዙ ነበር፤ ዛሬ የኦ ክፍሉም ልጅ በግቢው ይመገባል። ከዕለታዊ ምገባ ወጪ ጋር ሲተያይ ለአንድ ክፍል በዓመት ዐሥር ትልልቅ መጽሐፍና ሃምሳ ትንንሽ መተካት ምን ያህል እንደሆነ የከተማው ፋይናንስ ቢሮ በግማሽ ቀን ያሰላዋል።

በዲጂታል መንገድ የሚመጣውን በጥቂቱ እናንሣ። የደቡብ አፍሪካው አፍሪካን ስቶሪቡክና የሕንዱ ስቶሪዊቨር ማንም በነፃ አውርዶ ሊያትማቸው የሚችሉ መጻሕፍት በአማርኛም አላቸው። ፈቃዱ ትልቅ ሀብት ነው፤ ትርጉሙ ግን በበጎ ፈቃደኞች የተሠራ ስለሆነ ከመታተሙ በፊት ቋንቋውን የሚያቃና ሰው ይፈልጋል። ታብሌት ለኦ ክፍል ማደልን እንደ መፍትሔ የሚያነሡ ሰዎችን በትዕግሥት እሰማለሁ። መጽሐፍ የሚቆለፍበት ቁምሳጥን ውስጥ ታብሌት የበለጠ ይቆለፋል።

የሚቀረው ስለ ስርቆት የሚነሣው ስጋት ነው። አላቂ ከተባለ ያልቃል፣ ሁሉም ወደ ቤቱ ይወስደዋል ይባላል። ምናልባት። ሆኖም የኦ ክፍል መጽሐፍ መርካቶ ወርዶ የሚሸጥ ዕቃ አይደለም፤ ከክፍሉ ቢጠፋ የሚገባው ከአንዱ ልጅ ቤት ነው፤ እዚያ ደግሞ ታናሽ ወንድምና እኅት አሉ፣ ትልቋም ልጅ ሦስተኛ ክፍል ናት፣ ልታነብላቸው ትችላለች። ወረዳው የጠፋውን ቁጥር ብቻ ይዞ መምህሯን ከሚጠይቅ ይልቅ በቆጠራው ቅጽ ላይ አንድ ዐምድ ቢጨምር ይበቃል፦ በዚህ ዓመት በአገልግሎት ያለቀ። በዚያ ዐምድ ዜሮ የሞላው ትምህርት ቤት በሚቀጥለው ዓመት ቀድሞ ተቆጣጣሪ የሚላክለት ይሁን፤ ቁምሳጥኑን ከፍቶ እንዲያይ።